ቢጫ ፍሬ ያለው አጥር

«ምን በልታለች?» አለ ጤና ረዳቱ ወልደሰማያት፣ የመኪያን የዓይን ቆብ በአውራ ጣቱ ገልጦ እያየ።

«ምንም! ከጠዋቱ ቁርስ በቀር ምንም አልቀመሰችም፤ ወላሂ ምንም!» አለች እናቷ ፋጢማ። ሻርፗ ተንሸራቶ ትከሻዋ ላይ ወድቋል። በአንድ እግሯ ጫማ አለ፣ በሌላው የለም፤ የት እንደጣለችውም አታውቅም።

ጥሩዬ በጤና ጣቢያው ክፍል በር ሥር ቆማለች። የአራት ዓመቷ መኪያ ምን እንደበላች እዚያ ክፍል ውስጥ ከተሰበሰበው ሰው ሁሉ የሚያውቁት ሁለት ብቻ ናቸው፤ አንዷ ጥሩዬ ራሷ፣ ሌላዋ ደግሞ አጠገቧ የቆመችው እናቷ አለምነሽ። አለምነሽ የልጇን ክንድ ከክርኗ በላይ ጨብጣ ይዛዋለች። ያዘችው ከማለት ጠፈረችው ማለት ይቀላል።

«ወባ ነው» አለ ወልደሰማያት።

ማንም አልተገረመም። ጂንካ ላይ ልጅ ካስታወከ ወባ ነው፤ ካንቀላፋ ወባ ነው፤ ትምህርት ቤት መሄድ ካስጠላው እንኳ መጀመሪያ ግንባሩ ይዳሰሳል። ብዙውን ጊዜም እውነትም ወባ ሆኖ ይገኛል፤ ክፉው ነገር እሱ ነው። ትክክል መሆን የለመደ ሰው ሁለተኛ አይጠይቅም።

ወልደሰማያት ወደሚፈላው ድስት ሄዶ መርፌውን በመቆንጠጫ ያወጣ ጀመር።

ነገሩ የተጀመረው ጠዋት ነው፣ ጥሩዬ አጥሩን ስትከረክም።

አጥሩን የተከለው አባቷ ኤርሳዶ ነው። ኤርሳዶ ከከምባታ መጋዝና መላጊያ ይዞ ወደ ጂንካ የመጣ አናጢ ነው። ፈረንጆቹ ሚስዮኖች አገር ለቀው ከመሄዳቸው በፊት ግቢያቸው ገብቶ በር ሲጠግን አንድ የሚያምር ቁጥቋጦ አየና ቅርንጫፍ ለመናቸው። የቆረጠውን በቲማቲም ጣሳ፣ በዘይት ቆርቆሮ፣ ባገኘው ሁሉ ተክሎ አጸደቀው። ቁጥቋጦው ሐምራዊ አበባ ያወጣል፤ አበባው ሲረግፍ ደግሞ ቢጫ ፍሬ በዘለላ በዘለላ ይንጠለጠልበታል። የፈረንጅ ስሙን የሚያውቅ የለም። የሰፈሩ ሰው «የኤርሳዶ ጨሌ» ይለዋል።

አያያዙ ደግሞ እንደ ሰው ነው፤ ካጠበቁበት ያኮርፋል፣ ከለቀቁት ይባልጋል። አበባው ላይ እያለ ከተቆረጠ ፍሬ የለም። ሙሉ በሙሉ ከተተወ ደግሞ ወደ ላይ ይሸሽና ከታች ይራቆታል። ኤርሳዶ ይህን ሁሉ ለልጁ አስተምሯታል። መጨረሻ ላይ ሁልጊዜ የሚላት ግን አንድ ነገር ነው።

«ለዓይን ነው እንጂ ለአፍ አይደለም። ፍየል እንኳ አትቀምሰውም፤ ፍየል የናቀችውን ሰው አይበላም።»

ቤተ ክርስቲያናቸው ሲታሸግ፣ ኤርሳዶ ሰዎች ሰብስቦ በየቤቱ ሲጸልይ ተገኘና «ያለፈቃድ ስብሰባ» ተብሎ ታሰረ። እሱ እስር ቤት ሳለ አጥሩን ውሃ ያጠጣችው፣ ፍግ ያለበሰችው፣ የከረከመችው ጥሩዬ ናት። ሌላ ልታደርግለት የምትችለው ነገር አልነበራትም። አባቷ ሲፈታ አንድ ጆሮው አይሰማም ነበር። አጥሩ ግን ከሰው ቁመት በልጦ፣ ጥቅጥቅ ብሎ፣ በቢጫ ፍሬ ተሸፍኖ ጠበቀው። ኤርሳዶ ፊት ለፊቱ ቆሞ ብዙ አየው። ከዚያ በጓሮው በኩል ዞረና ከውስጥ ወደ ውጭ ለማየት ሞከረ። መንገዱ አይታይም።

ከዚያ ወዲህ እሑድ ጠዋት ሰዎች አንድ በአንድ ከግቢው ጀርባ ባለው ቀዳዳ ገብተው ጓሮው ውስጥ ጣውላ ላይ ይቀመጣሉ። ይጸልያሉ። መዝሙሩን በከንፈር ብቻ ነው የሚዘምሩት። ወደ ቀበሌው ጽሕፈት ቤት የሚወስደው መንገድ አጥሩን ታክኮ ያልፋል፤ አላፊ አግዳሚው የሚያየው ግን ቢጫ ፍሬ ነው። የቀበሌው ሊቀመንበር ጓድ ተሰማ ራሱ ለአብዮት በዓል ከተማው ሲጸዳ አጥሩ ፊት ቆሞ፣ «ግቢ ማለት እንዲህ ነው! ከዚህ ተማሩ!» ብሎ ለሕዝብ ንግግር አድርጓል። ኤርሳዶም እጅ ነሥቶ «አመሰግናለሁ ጓድ» አለ። ያን ቀን ማታ ቤት ውስጥ የተሳቀውን ሳቅ ጥሩዬ እስካሁን አልረሳችውም።

እንግዲህ ዛሬ ቅዳሜ ነው፣ የገበያ ቀን። የጎረቤታቸው የፋጢማ ሱቅ ጨሌ ሊገዙ በመጡ የሐመር፣ የበናና የአሪ ሴቶች ተጨናንቋል። እነዚህ ሴቶች ጨሌ እንዲሁ አይገዙም። አንዷን ፍሬ ጥርሳቸው መሃል አድርገው ያደምጧታል፤ ብርጭቆ ከሆነ ትጮሃለች፣ ላስቲክ ከሆነ ለጥርስ ትለሰልሳለች። አንዷም ሴት ሳትነክስ ሳንቲም አትሰጥም። ለዚህ ነው ፋጢማ ደንበኞቿን መሸወድ የተወችው፤ ራሷም ይህን እየሳቀች ታወራዋለች። መኪያም ይህን ስታይ ነው ያደገችው።

ጠዋት እናቷ ሥራ ሲበዛባት መኪያ እንደ ልማዷ ወደ ጥሩዬ መጣች።

«ጨሌ አድርጊልኝ» አለች።

«አቦ ሥራ ላይ ነኝ እኮ!»

«አድርጊልኝ!»

ጥሩዬ መቼም ልቧ አይጨክንም። የወደቁትን ፍሬዎች ለቃቅማ በመርፌና በክር ሰካችና አንገቷ ላይ አሰረችላት። ያምር ነበር፤ ሁለቱም ደስ አላቸው። መኪያ ድንጋይ ላይ ተቀምጣ ገበያ ትጫወት ጀመር። አንዴ ሻጭ፣ አንዴ ገዢ ትሆናለች። ገዢ ስትሆን አንዷን ፍሬ ጥርሷ መሃል ታደርግና ጆሮዋን ትቀስራለች።

«ይኼ ላስቲክ ነው! አልገዛም!» አለች ፊቷን አኮሳትራ፣ ልክ እንደ ትልቅ ሴት።

ጥሩዬ መቀሱን ይዛ እስክትታጠፍ ሳቀች። «እንዳትውጪ ታዲያ!» አለችና ወደ ሥራዋ ተመለሰች። ያኔ ክሩን መፍታት ነበረባት። ቢያንስ ዘወር ብላ ማየት ነበረባት። በኋላ ዘወር ስትል መኪያ ሄዳለች፤ ድንጋዩ ላይ ባዶ ክር ተጋድሟል።

እኩለ ቀን ላይ የፋጢማ ጩኸት ተሰማ። ሰው ግር ብሎ ወጣ። ጓድ ተሰማ በዚያ እያለፈ ነበርና ሮጦ ከእርሻ ቢሮ ላንድሮቨር ለምኖ አመጣ፤ ሰውየው ክፉ አይደለም፣ ሥልጣን አለው እንጂ። ጥሩዬ ከመኪናው ኋላ ስትሮጥ ከገበያ የምትመለስ እናቷን መንገድ ላይ አገኘቻትና እየተንሰቀሰቀች በጆሮዋ ነገረቻት። አለምነሽ ፊቷ ዓመድ መሰለ።

«ማን አየሽ?»

«ማንም።»

«በቃ። ሆድ ይፍጀው። ወባ ይሆናል። ወባ ነው የሚሆነው፣ ሰማሽ? ስለ አጥሩ አንድ ቃል ብትተነፍሺ ያስነቅሉታል። ሲነቅሉ ጓሮውን ያያሉ። ሁለተኛ አባትሽን ቢወስዱት የሚመለስ ይመስልሻል?»

አሁን በዚህ ክፍል ውስጥ አለምነሽ ይህን ሁሉ በጣቶቿ እየደገመችላት ነው።

ወልደሰማያት መድኃኒቱን ወደ መርፌው እየሳበ ነው። መኪያ በእናቷ ጭን ላይ ተዘርግታለች። ፋጢማ ስትጠራት ትንሽ ታቃስታለች፣ ከዚያ መልሳ ትሰምጣለች። ጓድ ተሰማ መስኮቱ አጠገብ ቆሞ ባርኔጣውን በእጁ ያሽከረክራል።

«ዓይኗ ግን…» አለ ወልደሰማያት ለራሱ። መርፌውን እንደያዘ ጎንበስ ብሎ እንደገና ገልጦ አየ። ጥቁሩ ሰፍቶ ዓይኗን ሞልቶታል። «የወባ ዓይን እንዲህ አይደለም። እርግጠኛ ነሽ ፋጢማ? ሌላ ምንም አልቀመሰችም?»

«ምን ትቀምሳለች! ሱቅ ውስጥ ሳሙናና ጨሌ እንጂ ምን አለ!»

ወልደሰማያት ትንሽ አመነታ። ከዚያ ትከሻውን ሰበቀና ጥጡን በአልኮል ነከረ።

ጥሩዬ በዚያች ቅጽበት ያሰበችው ብዙ አይደለም። ምናልባት ወባ ነው፤ ወባ ከሆነ ደግሞ ብትናገር አባቷን በከንቱ ትሸጠዋለች። ምናልባት ደግሞ ወባ አይደለም። አባቷን አሰበችው፤ የማይሰማውን ጆሮውን ወደ ግድግዳ አዙሮ ሲተኛ። ከዚያ መኪያን አየቻት። የታችኛው ከንፈሯ ጥግ ላይ የደረቀ ቢጫ ነገር ተጣብቋል። እዚህ ያሉት ሰዎች ሁሉ አይተውታል፤ ምን እንደሆነ ከእሷና ከእናቷ በቀር የሚያውቅ ግን የለም። በጣም ፈራች። እንዲህ ፈርታ አታውቅም።

ጥጡ የልጅቷን ቆዳ ነካ።

«ጋሼ፣ አይውጓት!»

ድምፁ የራሷ አልመሰላትም። ሁሉም ዞሩ። የእናቷ እጅ ከክንዷ ላይ ወደቀ።

«ፍሬ በልታለች። የአጥራችንን ፍሬ። ቢጫውን። ጨሌ አድርጌ አንገቷ ላይ ያሰርኩላት እኔ ነኝ።»

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው፤ ከእንግዲህ መመለሻ የለም። ፋጢማ ልጇን ለወልደሰማያት አስረክባ ተነሣች፤ ሁለት እርምጃ መጣችና ጥሩዬን በጥፊ አጮለቻት።

«እስካሁን ዝም አልሽ? ቆመሽ እያየሻት?»

ጥሩዬ ጉንጯን አልያዘችም። የሚገባት መስሏታል።

«ተዪ ፋጢማ! ልጅቷን ተዪያት፣ ልጠይቃት!» አለ ወልደሰማያት። መርፌውን አስቀምጦታል። «ስንት ያህል? የበሰለ ነው ጥሬ? መቼ?»

«የበሰለ። ጠዋት፣ ገበያው ሲሞላ። ክሩ ሙሉ ነበር። ስመለስ ባዶ ነው።»

«ይህን የወባ መርፌ በመርዙ ላይ ብደርብበት ኖሮ ትንሿ ልቧ አትችለውም ነበር» አለ፤ ይህን ያለው ለማንም አይደለም። ከዚያ ቀጭን ጎማና የጨው ውሃ እንዲያመጡለት ጮኸ። ሰው ሁሉ ከክፍሉ እንዲወጣም አዘዘ።

በረንዳው ላይ ጓድ ተሰማ ጥሩዬ ፊት መጥቶ ቆመ።

«ያ አጥር? እኔ ለሕዝብ ያሞገስኩት?»

«አዎ ጋሼ።»

«መርዝ ነው ለካ! መርዝ መንገድ ላይ!» ባርኔጣውን ራሱ ላይ ደፋ። የተቆጣው ስለ መኪያ ነው፤ ስለ ራሱ ንግግርም ትንሽ ተቆጥቷል። «ነገ ጠዋት ሰዎች ይዤ እመጣለሁ። ከነሥሩ ነው የሚነቀለው። ለአባትሽ ንገሪው።»

ነገ ጠዋት። እሑድ። ጥሩዬና አለምነሽ ተያዩ።

ኤርሳዶ መሥሪያው ውስጥ አንድ የአልጋ እግር ይልጋል። ጥሩዬ ከኋላው መጥታ ሁሉንም ነገር ባንድ ትንፋሽ ተናገረች። አባቷ መላጉን አላቆመም። ለካ በማይሰማው ጆሮው በኩል ነው የቆመችው። ዞራ በሌላው በኩል ቆመችና ያንን ሁሉ ከመጀመሪያው ልትደግመው ግድ ሆነባት። ሁለተኛው ከመጀመሪያው ይከብድ ነበር።

ኤርሳዶ መላጊያውን አስቀመጠ።

«ልጅቷስ?»

«ሆዷን እያጠቧት ነው። ገና አልታወቀም።»

«እኔ ነኝ ዝም በይ ያልኳት» አለች አለምነሽ ከበሩ ላይ። «የሰው ልጅ እየሞተች ዝም በይ ያልኳት እኔ ነኝ። ልጄ ናት የበለጠችኝ። እኔ ምን ሆኜ ነው?»

ኤርሳዶ ወደ ሚስቱ ሄደና አጠገቧ ቆመ ብቻ። ጥሩዬ አባቷ እንዲቆጣት ፈልጋ ነበር፤ ቢቆጣት ይቀላት ነበር።

«ነገ ጠዋት መጥተው ይነቅሉታል» አለች። «አባዬ፣ እነሱ ሲመጡ የጸሎቱ ሰዎችም ይመጣሉ። ለምን ዛሬውኑ እኛ አንቆርጠውም? ተቆርጦ ካገኙት ግቢ የሚገቡበት ምክንያት የላቸውም።»

አባቷ ገጀራውን ከግድግዳው ላይ አወረደ፤ መጋዙን ለሷ ሰጣት።

እንደዚህ ያለ ሥራ ሠርታ አታውቅም። ራሷ ውሃ ያጠጣችውን ግንድ በመጋዝ ስትገዘግዘው አልቅሳለች፣ ማልቀሷንም አልደበቀችም። ቅርንጫፉ ሲወድቅ ፍሬው እንደ በቆሎ ይረግፋል። አለምነሽ እየጠረገች፣ እየለቀመች፣ ከሽንት ቤቱ ኋላ ኤርሳዶ በቆፈረው ጉድጓድ ትጨምረዋለች። መንገድ ላይ ሰው ቆሞ ያያል፤ ወሬው ከላንድሮቨሩ ቀድሞ ነው ሰፈሩን የዞረው። «አይዞህ ኤርሳዶ» የሚል አለ፤ «እንኳን ተቆረጠ፣ የኔም ልጅ እኮ እዚህ ነው የሚውል» የሚልም አለ። ግንድ በወደቀ ቁጥር መንገዱ ወደ ግቢው አንድ እርምጃ ይጠጋል። ፀሐይ ከተራራው ጀርባ ስታዘቀዝቅ የመጨረሻው ወደቀ። ከጓሯቸው እስከ ቀበሌው በር ድረስ ወለል ብሎ ታየ።

ፋጢማ የመጣችው ያኔ ነው። ከቤቷ ብርድ ልብስ ልትወስድ ከጤና ጣቢያው እየተመለሰች ነበር። ሁለቱም እግሯ ባዶ ነው። አጥሩ በነበረበት ቦታ ላይ ቆመች።

«ነቃች» አለች። «ውሃ ጠየቀች። እናቴ ብላ አወቀችኝ።»

ጥሩዬ መጋዙን እንደያዘች መሬት ላይ ቁጭ አለች። «እግዚአብሔር ይመስገን» አለች በከንፈሯ ብቻ።

ፋጢማ ወደ ጥሩዬ ጉንጭ አየች። ጣቷን ወደዚያ ዘረጋችና መልሳ ሰበሰበችው። ይቅርታ አልጠየቀችም፤ ጥሩዬም አልጠበቀችም። ከዚያ የፋጢማ ዓይን እነሱን አልፎ ወደ ጓሮው ሄደ። ጣውላዎቹ እዚያ ናቸው፤ በድንጋይ ላይ ተጋድመው፣ አንዱ ካንዱ ኋላ ተደርድረው፣ ሁሉም ወደ አንድ አቅጣጫ ዞረው። የአናጢ ጣውላ እንደዚያ አይቀመጥም። ኤርሳዶ ገጀራውን እንደያዘ ደርቆ ቀረ።

ፋጢማ ዞር ብላ መንገዱን አየች።

«ያንን ጣውላ አንሡት» አለች፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «ከመንገድ ይታያል።»

ብርድ ልብሷን ልታመጣ ወደ ቤቷ ሄደች።

ጣውላውን አንሥተው መሥሪያው ውስጥ ከሌላው እንጨት ጋር ቀላቀሉት። ኤርሳዶ እጁን ታጥቦ ኮቱን ለበሰ።

«ሳይመሽ ልዙርና ነገ ለጸሎት እንዳይመጡ ልንገራቸው» አለ። «ቀበሌ አስቆረጠው እላቸዋለሁ። ውሸት አይደለም። ያንቺን ስም ማንሣት አያስፈልገኝም።»

ጥሩዬ እጇን አየች፤ መዳፏ በመጋዙ ተልጧል። እማማ ቦሼን አሰበቻቸው። እማማ ቦሼ በምርኩዝ ከወንዝ ማዶ ድረስ የሚመጡ፣ እሑድ እሑድ ሁሉን ቀድመው የሚደርሱ አሮጊት ናቸው። ሳምንቱን ሙሉ ያቺን አንዲት ጠዋት ነው የሚጠብቁት፤ ይህን እሳቸው ራሳቸው ነግረዋታል። ነገ የት ይሄዳሉ? ምን ይሏታል? ሌሎቹስ ምን ይሏታል? «ልጅቷ ናት ያጋለጠችን» ቢሏትስ?

«እኔ ልሂድ አባዬ» አለች።

«ምን?»

በሚሰማው ጆሮው በኩል ዞራ ቆመች። «እኔ ልሂድ። የተናገርኩት እኔ ነኝ፤ እኔው ልንገራቸው።»

«ሁሉም ደግ አይናገርሽም እኮ።»

«አውቃለሁ።»

ኤርሳዶ ወደ አለምነሽ አየ። አለምነሽ የልጇን ሹራብ ከሚስማሩ ላይ አንሥታ አለበሰቻት፤ ቁልፎቹን አንድ በአንድ፣ እንደ ሕፃንነቷ ጊዜ ቆለፈችላት። ጥሩዬ ሌላ ቀን ቢሆን «ልጅ አይደለሁም» ትል ነበር። ዛሬ እስክትጨርስ ቆመችላት።

በጀርባው ቀዳዳ መውጣት ትታ በፊት ለፊት በኩል ወጣች። ወንዙን ተሻገረች። የእማማ ቦሼ በር ተዘግቷል፤ በስንጥቁ የኩራዝ ብርሃን ይታያል። ለመመለስ አሁንም ጊዜ ነበራት።

አንኳኳች።

«ማነው?»

«ጥሩዬ ነኝ፣ የኤርሳዶ ልጅ» አለች። «ይክፈቱልኝ እማማ፤ የምነግርዎት ነገር አለኝ።»